ባጃጅህን አትሽጥ

ጥያቄው፦ «ኮች፣ ዕድሜዬ 31 ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። 9 ዓመት አማካይ ሆኜ በአንደኛ ሊግና በከፍተኛ ሊግ ተጫውቻለሁ። ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ተጎድቶ አምና ጫማዬን ሰቀልኩ። አሁን የምተዳደረው በባጃጅ ነው። ሕልሜ ግን አሰልጣኝነት ነው፤ ያውም የብሔራዊ ቡድን። ግማሹ ጓደኛዬ ‹ለዋልያዎቹ ያልተጫወተ ዋልያዎቹን አያሰለጥንም› ይለኛል። ግማሹ ‹አንተ ተጫዋች ነበርክ፣ የቀረህ ላይሰንስ ብቻ ነው› ይለኛል። ባጃጄን ሸጬ አዲስ አበባ ገብቼ ላይሰንሱን ላውጣ እያልኩ ነው። ስንት ዓመት ይፈጅብኛል? የትኞቹስ ናቸው ልክ?»

ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያዎቹ ያለ ምክንያት ያስፈሩሃል። ሁለተኛዎቹ ነገሩን አቅልለው ያሳዩሃል። ለአንተ የሚያሰጉት ግን ሁለተኛዎቹ ናቸው፤ ባጃጅ የሚያሸጥህ የእነሱ ምክር ነውና።

ለብሔራዊ ቡድን ያልተጫወተ ብሔራዊ ቡድን አያሰለጥንም የሚል ሕግ የለም። እ.ኤ.አ የ1994ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አስታውስ፤ ብራዚልና ጣሊያን። የብራዚሉ አሰልጣኝ ካርሎስ አልቤርቶ ፓሬራ በፕሮፌሽናል ደረጃ ኳስ ተጫውቶ አያውቅም። ሥራውን የጀመረው በአካል ብቃት ባለሙያነት ነው። የጣሊያኑ አሪጎ ሳኪም ስሙ የሚጠራ ተጫዋች አልነበረም። አሰልጣኝነት ሙሉ ሥራው ከመሆኑ በፊት በአባቱ የጫማ ንግድ ውስጥ ይሠራ ነበር። እንግዲህ በዓለም ትልቁ ጨዋታ ላይ፣ በሁለቱም ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ሰዎች ከአንተ ያነሰ ተጫውተዋል ማለት ይቻላል።

ስለ ጉልበትህም ስላነሳህ አንድ ሰው ልጨምርልህ። ጁሊያን ናግልስማን በ20 ዓመቱ በጉልበት ጉዳት ኳስ አቆመ። ያኔ በጀርመኑ አውግስቡርግ ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ነበር። አሰልጣኙ ቶማስ ቱኸል ልጁን አላባረረውም፤ የተጋጣሚ ቡድኖችን ጨዋታ እያየ ሪፖርት እንዲያመጣ ላከው። ከዚያ ዓመታት በታዳጊ ቡድኖች ውስጥ አለፉ። እ.ኤ.አ በ2014 የሆፈንሃይምን ከ19 ዓመት በታች ቡድን የጀርመን ሻምፒዮን አደረገ። በ28 ዓመቱ በቡንደስሊጋ፣ በጀርመን ከፍተኛው ሊግ፣ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ በ36 ዓመቱ የጀርመን ብሔራዊ ቡድንን ተረከበ። እሱን የማነሳልህ ፍጥነቱን እንድትቀዳ አይደለም። የጀርመን ክለብ ያለው አደረጃጀት እኛ ጋ የለም። የማነሳልህ ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ መጀመሪያ የተሰጠውን ሥራ እንድታይ ነው። ቁጭ ብሎ ጨዋታ ማየትና ያየውን መጻፍ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛዎቹ ልምጣ። «ተጫዋች ነበርክ፣ የቀረህ ላይሰንስ ብቻ ነው።» ይህ አባባል ብዙ ጥሩ ተጫዋቾቻችንን አበላሽቷል። የምለው ከልቤ ነው። ዓመታት ሙሉ አሰልጣኞችን ሳሠለጥን ያየሁት ይህንኑ ነው።

ተጫዋችነት የሚሰጥህ ነገር አለ፤ አልክድም። የመልበሻ ክፍሉን ሽታ ታውቀዋለህ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ስድስት ሳምንት የተቀመጠ ልጅ ሌሊት ምን እንደሚያስብ ታውቃለህ። ደመወዝ ሦስት ወር ሲዘገይ ቡድን ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ታውቃለህ። ፓሬራ ይህን ለማወቅ ብዙ ለፍቷል፤ አንተ በእጅህ ይዘኸዋል። ተጫዋቾችም የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብለው ይሰሙሃል። ችግሩ ይህ ክብር ብዙ አይቆይም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልጆቹ የሚጠይቁት «ምን አስተማርከን?» ብለው ነው። በአፋቸው ባይሉትም በእግራቸው ይነግሩሃል።

አንድ ነገር ላሳይህ። እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ ላይ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ገና አልተነሳም። ከ13 ዓመት በታች ልጆች ናቸው። አንድ ቀጭን ልጅ አለ፣ አማካይ ነው፣ እንደ አንተ። ኳስ በእግሩ ሲይዝ ደስ ይላል። ግን ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ሲቀበል ሁልጊዜ ይነጠቃል። የሚያሠለጥነው ሰው ጥሩ ተጫዋች የነበረ ነው፤ ክለቡንም ስሙንም አልጠራም። ከዳር ሆኖ «ፍጠን! ንቃ! ምን ነካህ!» ይላል። ልጁ ይደነግጣል፣ እንደገና ይነጠቃል። በመጨረሻ አሰልጣኙ ራሱ ገባ። ኳሷን ጠይቆ፣ ዞሮ፣ አሳልፎ «እንዲህ ነው!» አለ። በጣም ያምራል። ልጁ ግን ምንም አልገባውም።

አሰልጣኙ ያልነገረው ነገር አለ። እሱ ኳሷ ከመድረሷ በፊት ሁለት ጊዜ ትከሻውን አዙሮ ኋላውን አይቷል። ይህን እንደሚያደርግ ራሱም አያውቀውም፤ 15 ዓመት ሙሉ ሳያስበው ነው ያደረገው። የሚያውቁትን ነገር እንደሚያውቁት አለማወቅ የቀድሞ ተጫዋቾች ትልቁ ችግር ነው። በማግስቱ ልምምዱን ቀየርነው። ከልጁ ኋላ አንድ ጓደኛው ቀይና ቢጫ ሰደርያ ይዞ ቆመ። ኳሷ ጉዞ ላይ እያለች አንዱን ሰደርያ ያነሳል። ልጁ ኳሷን ከመንካቱ በፊት ቀለሙን ጮክ ብሎ መናገር አለበት። የመጀመሪያው ቀን ከአሥር ሁለቴ ተሳካለት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰደርያውን አነሳንለት፤ አንገቱ ግን መዞሩን ቀጠለ። ማንም አልጮኸም።

አሰልጣኝነት ይህ ነው። ችግሩን ማየት፣ ምክንያቱን ማግኘት፣ ልጁ ራሱ እንዲደርስበት ልምምድ መፍጠር። ይህን ላይሰንስ ብቻውን አይሰጥህም። ተጫዋችነትም አልሰጠህም።

«ግን ትልልቆቹ አሰልጣኞች ተጫዋቾች ነበሩ» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የዓለም ዋንጫን ያነሱት ዛጋሎ፣ ቤከንባወርና ዴሾ ናቸው። ስማቸውን ሁሉም ያውቃል። የአፍሪካዎቹ ይበልጥ ስለሚያስተምሩን እነሱን እንይ።

ስቴፈን ኬሺን ታስታውሰዋለህ። በ2005 ዓ.ም በአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ላይ 2 ለ 0 ያሸነፈንን የናይጄሪያ ቡድን ያሰለጥን የነበረው እሱ ነው። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ያስቀረንም እሱ ነው። እ.ኤ.አ በ1994 አምበል ሆኖ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳ፤ በ2013 በአሰልጣኝነት ደገመው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ዓመቶች ያያል። እኔ በመካከላቸው ያሉትን 19 ዓመታት ነው የማየው። በ2001 የናይጄሪያን ወጣት ቡድን ያዘ። ከዚያ ቶጎን ተረክቦ ለ2006 የዓለም ዋንጫ አሳለፋት፤ ውድድሩ ሳይጀመር ግን ተነሳ፣ ቡድኑን ሌላ ሰው ይዞት ሄደ። ከዚያ ማሊ። ናይጄሪያ የጠራችው በ2011 ነው። ከወጣት ቡድኑ እስከ ዋንጫው 12 ዓመት።

አሊዩ ሲሴን ደግሞ ተመልከት። እ.ኤ.አ በ2002 የሴኔጋል አምበል ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከካሜሩን ጋር በመለያ ምት የመጨረሻዋን ኳስ የሳተው እሱ ነው። በ2012 ወደ አሰልጣኝነቱ ሲገባ በቀጥታ ዋናውን ቡድን አልያዘም፤ ከ23 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ምክትል ሆኖ ነው የጀመረው። ዋናውን በ2015 ተረከበ። በ2019 ፍጻሜ ደርሶ በአልጄሪያ ተሸነፈ። በ2022 መጀመሪያ ላይ በፍጻሜው ግብፅን አሸነፈ፤ ያውም በመለያ ምት። ሃያ ዓመት የተሸከመውን ነገር በዚያች ሌሊት አወረደ። ያን ሌሊት ሳስብ ዛሬም ይነካኛል። ቁጥሩን ግን ልብ በል፦ ከምክትልነቱ እስከ ዋንጫው 10 ዓመት።

ዋሊድ ረግራጊን ሰው ሁሉ «በሦስት ወር ተአምር ሠራ» ይለዋል። ሞሮኮን በነሐሴ 2022 መጨረሻ ተረክቦ በታኅሣሥ ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አደረሳት። ያን ያደረገ የአፍሪካ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ነገር ግን በ2012 የብሔራዊ ቡድኑ ምክትል ነበር። ከዚያ ፉስ ራባትን ስድስት ዓመት አሰልጥኖ በ2016 የክለቡን የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫ አመጣ። ከሌላው የሞሮኮ ክለብ ከዊዳድ ጋር የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን ያነሳው ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ከመሄዱ ከጥቂት ወራት በፊት ነው። የእሱም 10 ዓመት ነው።

እነዚህ በአውሮፓ ክለቦች የተጫወቱና ለአገራቸው የተሰለፉ ሰዎች ናቸው። ስማቸው በር ይከፍትላቸዋል። እነሱ ከ10 እስከ 12 ዓመት ከፈጀባቸው፣ «ስንት ዓመት?» ለሚለው ጥያቄህ የእኔ ግምት ከዚህ ያነሰ አይሆንም። ከ12 እስከ 15 ዓመት በል። ያኔ 43 ወይም 46 ትሆናለህ። ለአሰልጣኝ ይህ ገና ሙሉ ዕድሜ ነው። አብሽር፣ አልዘገየህም።

የራሳችን ታሪክም ከዚህ አይለይም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ ናቸው፤ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በዚያ ፍጻሜ ካገቡት አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። መንግሥቱ ከ20 ዓመት በኋላ በሊቢያው የአፍሪካ ዋንጫ ላይ የቡድኑ አሰልጣኝ ሆነው ቆመዋል። ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ጠፋን። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ ተመልሰን የመጀመሪያውን ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ስናደርግ ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ ዋንጫውን ባነሳን ልክ በ51ኛ ዓመቱ።

ያንን የዛምቢያ ጨዋታ እንደ ተመልካች አይተኸዋል። አሁን እንደ አሰልጣኝ እየው። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ናት። ፍፁም ቅጣት ምት አግኝተን አጥቂያችን ሳላዲን ሳተው። ከዚያ በመጀመሪያው አጋማሽ ላይ በረኛችን ጀማል በቀይ ወጣ። አሁን 10 ሰው ነው የቀረህ። ሁለተኛውን በረኛ ለማስገባት አንድ የሜዳ ተጫዋች ማውጣት አለብህ። ማንን? አጥቂ ካወጣህ ኳስ ወደፊት ሄዳ የሚይዛት የለም። አማካይ ካወጣህ መሃሉ ይከፈታል። ለማሰብ ያለህ ጊዜ ዳኛው ካርዱን ኪሱ እስኪመልስና በረኛው ጓንቱን እስኪያጠልቅ ነው። ከእረፍት በፊት ግብ ተቆጠረብን። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። በ10 ሰው 1 ለ 1 ወጣን። ይህን ጨዋታ ደግመህ እየው፤ ኳሷን ተዋትና ኳስ የሌላቸውን ተጫዋቾቻችንን ብቻ ተመልከት። ማን ወደ የት እንደተጠጋ፣ ክፍተቱን ማን እንደሸፈነ ጻፍ። ለአንተ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ይኸው ነው።

የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሥራ ከክለብ ሥራ እንደሚለይም እወቅ። የክለብ አሰልጣኝ ልጆቹን በየቀኑ ያገኛል። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ በፊፋ የጨዋታ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው የሚያገኛቸው። ግማሾቹ ደክመው ይመጣሉ፣ አንዱ ተጎድቶ ይመለሳል። በሦስትና በአራት ልምምድ አዲስ ነገር ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ከሁሉ በላይ ትክክለኛውን ሰው መምረጥ፣ ነገሩን በጣም ማቅለልና በአጭር ቃል ማስረዳት ነው። በአጭር ቃል ማስረዳት የሚችለው ደግሞ ለዓመታት በረጅሙ ያስተማረ ሰው ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲገባው አድርገህ መናገር ካልቻልክ፣ ከጨዋታ በፊት በነበረው የመጨረሻ ምሽት ለ23 ሰው መናገር አትችልም።

ሌላ አገርን ማሰልጠንም ይቻላል፤ ይህን የምለው ዓይንህ ሩቅ ስለሆነ ነው። ኢንስትራክተር አብርሃም መብራቱ የየመንን ብሔራዊ ቡድን ይዘው በመጋቢት 2010 ዓ.ም ለእስያ ዋንጫ አሳልፈዋል። ሁለቱ የመኖች ከተዋሐዱ ወዲህ ለአገሪቱ የመጀመሪያዋ ነበር። ያኔ በጦርነት ምክንያት ሊጉ ተቋርጦ ነበር። በሜዳችን የሚሉትን ጨዋታ ያደርጉ የነበረው ኳታር ነው። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ቡድን የሠራ ሰው ከእኛው አገር ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዋልያዎቹን የተረከቡት። ከእሳቸው መንገድ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ፦ የአሰልጣኞች አሰልጣኝ ናቸው። ማስተማርን ሥራ አድርገው የያዙ ሰው ናቸው።

ላይሰንሱ እንግዲህ። የካፍ ላይሰንስ ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እና ፕሮ ነው። አንዱን ሳትይዝ ወደሚቀጥለው አታልፍም፤ በየመካከሉም ቡድን ይዘህ መሥራት ይጠበቅብሃል። በአህጉራዊ የክለብ ውድድር ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚጠየቀው ከፍ ያለ ደረጃ ነው። ስለዚህ ያስፈልግሃል፤ ያለ እሱ ከተወሰነ ደረጃ በላይ አትወጣም። ግን መጠኑን ላሳይህ። በአውሮፓ የሚጠየቀው ዝቅተኛ የሥልጠና ሰዓት ለሲ 60፣ ለቢ 120፣ ለኤ 180፣ ለፕሮ 360 ነው። ድምሩ 720 ሰዓት ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ብታሰላው አንድ ዓመት አይሞላም። ከላይ ከነገርኩህ 10 እና 12 ዓመት ውስጥ ይህ የአንድ ዓመት ያህል ነው። ቀሪው ሜዳ ላይ ነው።

ስለዚህ «አዲስ አበባ ገብቼ ላይሰንሱን ላውጣ» የሚለው ሐሳብ አያዋጣም። ሥልጠናው ሲከፈት የሚፈለገው የት እንደምትኖር ሳይሆን የምትሠራበት ቡድን እንዳለህ ነው። ቡድን የሌለው ሰው ሠርተፊኬቱን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። እንዲህ የተቀመጡ ብዙ አውቃለሁ። አንዱ የባጃጅህን ዋጋ የሚያህል ገንዘብ ከፍሎ በደላላ በኩል «ላይሰንስ» የገዛ ነው። ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ የትም መዝገብ ላይ ስሙ አልነበረም። ላይሰንስ የሚሰጠው በፌዴሬሽኑ በኩል ብቻ ነው። «በአቋራጭ አወጣልሃለሁ» የሚልህን ሰው ከሰማኸው ስልኩን ዝጋበት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ታዳጊ መያዝ ስትጀምር የዕድሜ ነገር ይመጣብሃል። «ይሄን ልጅ 14 አድርገውና እናሸንፍ» የሚል አይጠፋም። አታድርገው። ፊፋ እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆኑት የዓለም ዋንጫ የልጆችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። ያም ባይኖር፣ በ18 ዓመቱ ከ14 ዓመት ልጅ ጋር የተጫወተ ልጅ በጉልበት ብቻ ማሸነፍን ይለምዳል፤ ምንም አይማርም። እውነተኛው የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ቦታውን ተነጥቆ ኳሱን ይተዋል። ሁለት ልጅ ነው የምታጠፋው።

ስለ ጉልበትህም አንድ ነገር ልበል። ሁለት ጊዜ የተጎዳ ጉልበት ይዘህ ከልጆች ጋር ግጥሚያ አትግባ። ልምምድ ባሳየህ ማግስት የሚያብጥ ከሆነ የአጥንት ሐኪም እይ፤ በወጌሻ ብቻ አትለፈው። ማሳየት ያለብህን ነገር አንድ ጎበዝ ልጅ ጠርተህ በእሱ አሳይ። ይህ በአጋጣሚ ጥሩ አሰልጣኝ ያደርግሃል፤ በእግርህ ማሳየት ሳትችል በቃል ማስረዳት ትገደዳለህ።

ገደቡንም ሳልደብቅ ልንገርህ። ሁሉን በትክክል ብታደርግም ብሔራዊ ቡድን ላይደርስህ ይችላል። ያ ወንበር አንድ ነው፤ ተራ ተጠብቆም አይደረስበትም። ፌዴሬሽን ይሾማል፣ ፌዴሬሽን ያነሳል። ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ያስገቡ ሰው ናቸው፤ ከዓመት ብዙም ሳይርቅ ተነሱ። ኬሺ ቶጎን ዓለም ዋንጫ አስገብቶ ዓለም ዋንጫው ላይ ወንበሩ የሌላ ሰው ሆነ። በታችኛው ሊግ ደግሞ ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቀራል። ይህን ዘጠኝ ዓመት ኖረኸዋል። ባጃጅህን አትሽጥ ያልኩህ ለዚህ ነው። ባጃጁ የራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደመወዝ ቀረ ብለህ ሥራህን እንዳትተው፣ አስተዳዳሪው «ይሄን ልጅ አሰልፈው» ሲልህ «አይሆንም» ማለት እንድትችል ያደርግሃል።

የምመክርህ እንግዲህ ይኸው ነው። አዲስ አበባ አትሂድ፤ ደሴ ቆይ። ወሎ ሜዳ አላጣም፤ ወልድያ ላይ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም ተመርቋል። ያጣነው ልጆቹን በትዕግሥት የሚይዝ ሰው ነው። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኳሱም ቆሞ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመት የነበሩ ልጆች ዛሬ አሥራዎቹ ውስጥ ገብተዋል። የመጀመሪያዎቹን የመማሪያ ዓመታቸውን አጥተዋል። የሚጠብቁት እንደ አንተ ያለ ሰው ነው።

የታዳጊዎች ፕሮጀክት ካለው አሰልጣኝ ጋር ተነጋገርና ረዳት ሁን፤ መጀመሪያ ያለ ክፍያም ቢሆን። ባጃጅህን ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምታመላልስበት ጥሩ ሰዓት ጠዋት ሰው ሥራ ሲገባና ማታ ሲወጣ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጠዋት ብቻ ስጥ፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት። የምታጣው ገቢ የምትችለው ይሁን። ከተማው ወይም ዞኑ የዲ ሥልጠና ሲከፍት መጀመሪያ ከሚመዘገቡት አንዱ ሁን። የአሰልጣኙን የድጋፍ ደብዳቤ ያኔ ታገኛለህ። ከዲ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት የራስህን የዕድሜ ቡድን ያዝ፤ ከዚያ ሲ። ሲ ስትይዝ በአንደኛ ሊግ ቡድን ምክትልነት ጠይቅ። ዋና አሰልጣኝነት ቢሰጡህም አትቀበል፤ ገና ነህ። ሦስት ጨዋታ ተሸንፈህ ትባረራለህ፣ ስምህም ይበላሻል። ወደ ቢና ወደ ኤ የምታልፈው ከዚያ ነው። ትምህርት መቀጠል የምትችል ከሆነ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት አለ፤ የሰውነትንና የሥልጠናን ነገር በሥርዓት መማር በኋላ በጣም ይጠቅምሃል።

ደብተር ግዛ። እያንዳንዱን ልምምድ ጻፍ፤ ምን አስቤ ነበር፣ ምን ሆነ፣ የትኛው ልጅ አልገባውም፣ ነገ ምን እቀይራለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህ ደብተር ካልሰለቸህ አሰልጣኝ ነህ። ከሰለቸህም ችግር የለውም። ባጃጅህ አለች፣ ልጆቹም የሆነ ነገር ተምረዋል።

ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹ ሆጤ ናቸው። ብርድ ነው፣ ጃኬት ልበስ።